«ጎበዝ» ብያቸው መሄድ አነሰብኝ

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። 60 ዓመት ሞልቶኝ ሰኔ 30 ጡረታ እወጣለሁ። ዘንድሮ ከማስተምራቸው 52 የ11ኛ ክፍል ልጆች መካከል 14ቱ ትጋታቸው ያስደንቀኛል። አንዱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በዚያ ብርድ ለሱቆች ዳቦ ሲያደርስ ቆይቶ 2፡30 ሳይሞላ ክፍል ይገኛል። አንዷ የተሳሳተችውን ጥያቄ ሁሉ ለብቻው በያዘችው ደብተር ገልብጣ ምክንያቱን ከጎኑ ትጽፋለች። ሰሞኑን ባየሁት ገጽ ላይ −3ን ካሬ ስታደርግ −9 ጽፋ፣ ከጎኑ «ቅንፍ ረሳሁ» ብላ፣ ከሥሩ (−3)² = 9 ብላ እንደገና ሠርታዋለች። እነዚህን ልጆች በሰልፍ ላይ ስማቸውን ጠርቼ ላመስግን? ደብተር ልግዛላቸው? ምን ይሻላል?

አድናቂ መምህራቸው

መምህር፣

በሰልፍ ላይ መጥራቱን ይተዉት። ዳቦ የሚያደርሰው ልጅ ሥራውን ለጓደኞቹ አልነገረ ይሆናል። ያልተጠሩት 38ቱም «እኛን አላየንም» ብለው ይከፋቸዋል።

የሚሻለው ለእያንዳንዳቸው በእጅዎ የተጻፈ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው። በቀን ሁለት ከጻፉ በአንድ ሳምንት 14ቱም ያልቃሉ። መጀመሪያ በዓይንዎ ያዩትን አንድ ነገር ይጻፉ፤ ቀጥሎ ያ ነገር ያመጣውን ለውጥ፣ መጨረሻ ላይ በ12ኛ ክፍል የሚቀጥሉበትን አንድ ሥራ። ለልጅቷ «ጎበዝ ነሽ» ከሚሏት «ቅንፍ ረሳሁ ብለሽ ከጻፍሽ ወዲህ በዚያ አልተሳሳትሽም» ይበሏት፤ ግን እውነት መሆኑን አስቀድመው ፈተና ወረቀቶቿን አገላብጠው ያረጋግጡ። «ጎበዝ» የተባለ ልጅ ነገ ሲወድቅ ጉብዝናው የጠፋ ይመስለዋል፤ ያደረገው የተነገረው ግን ያንኑ መልሶ ማድረግ ይችላል።

ደብዳቤውን ከማጠቃለያ ፈተናው በፊት ይስጡ። ከውጤት በኋላ ከሆነ ምስጋናው ለማርኩ የተሰጠ ይመስላቸዋል። «ዩኒቨርሲቲ ትገባለህ» የሚል ተስፋም አይጻፉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ብዙ ትጉህ ልጅ ከዚያ መስመር በታች ቀርቷል፤ የእርስዎ አድናቆት በዚያ ቀን ዋጋ እንዳያጣ።

ስለ ዳቦ አድራሹ ልጅ አደራ የምለው፣ ችግሩን አያሞግሱበት። ማታ 5 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ከሆነ የሚተኛው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። በእንቅልፍ ዕጦት የተጠና ሒሳብ አይቆይም። ከባድ ከባዱን ጥያቄ በነፃ ክፍለ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ይሥራ፣ ማታ ክለሳ ብቻ አድርጎ 3 ሰዓት ላይ ይተኛ። ይህን ቁጭ ብላችሁ ፕሮግራም አውጡለት፤ ከደብዳቤው በላይ የሚጠቅመው ይኸ ነው።

ደብተር መግዛት ካሰቡ ለ14ቱ ብቻ አይሁን፤ ካልቻሉ ይቅር። በምትኩ የልጅቷን ዘዴ፣ እሷን አስፈቅደው፣ ስሟን ሳይጠሩ ለ52ቱም ያስተምሩ። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ገጹ አራት ዓምድ ይኑረው፦ ቀን፣ ጥያቄው፣ የተሳሳትኩበት ቦታ፣ እንደገና የሠራሁበት ቀን። ዘዴው የሚበላሸው ልጆች ትክክለኛውን መልስ ገልብጠው ምክንያቱን ሲዘሉት ነው። «አልገባኝም» ተብሎ መጻፍም አይጠቅምም፤ የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳቱ ይጻፉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱን ሸፍነው ይሥሩት።

ለሚተካዎት መምህር ደግሞ አንድ ገጽ ይተዉ፦ የ14ቱን ስም፣ እያንዳንዱ የሚቸገርበትን ምዕራፍ፣ ዳቦ አድራሹ ካረፈደ ለምን እንደሆነ። ልጁ አስቀድሞ ይወቅ፣ ይፍቀድም።

የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉላቸው ካሰቡ ከሰኔ 30 በፊት በትምህርት ቤቱ አርማ ባለው ወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አስደርገው አንዱን ቅጂ ከተማሪው ፋይል ያያይዙ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ማኅተሙን የሚያስመታ ሌላ ሰው መለመን ይሆናልና።