«ንቀልልኝና ልረፍ»፦ ስለ ጥርስና ድድ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ ላኩ ስላችሁ ይህን ያህል ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ጎንደር ውስጥ በጥርስ ሐኪምነት ስሠራ በብዛት የምሰማው «ዶክተር፣ ንቀልልኝና ልረፍ» የሚለውን ነው። ከላካችሁት ውስጥም ብዙው እሱው ነው። ከእሱ እንጀምር።

ከአዘዞ፦ የታች መንጋጋዬ ተቦርቡሯል። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ጓደኞቼ «ነርቩ ከተነካ መነቀል ብቻ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም። ጥርስ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ክፍል አለ። ቀዳዳው እዚያ ሲደርስ ነው ሌሊት የሚቀሰቅስህ። ያኔ ተራ ሙሌት አይበቃም። የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ብዙዎቻችሁ ሩት ካናል የምትሉት፣ ይሠራል። የታመመው ነርቭ ይወጣል፤ ቦዩ ይጸዳል፤ ከዚያ ይሞላል። አንዳንዴ በአንድ ቀን ያልቃል፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ያመላልሳል። መንጋጋ ስለሆነ በላዩ ክራውን የሚባለው ሽፋን ቢደረግለት ጥሩ ነው። አለበለዚያ አንድ ቀን ቆሎ ስትቆረጥም ለሁለት ይሰነጠቅብሃል።

የሚነቀለው ሥሩ የተሰነጠቀ፣ የሚይዘው አጥንት ያለቀ ወይም ለመጠገን የሚሆን አካል ያልቀረው ጥርስ ነው። ደግሞ ሕመሙ ድንገት ጠፋ ብለህ አትዘናጋ። ነርቩ ሞቶ ይሆናል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ወደ አጥንቱ እየወረደ ነው።

እኔ ራሴ በልጅነቴ አንድ መንጋጋ ያጣሁት እንዲሁ ነው። ያኔ ከጉጠት ሌላ አማራጭ ያሳየን አልነበረም። ዛሬም በዚያ በኩል ጥሬ ሥጋ አልሞክርም።

ከፒያሳ፦ ሲያመኝ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ እውጣለሁ። ይተወኛል። ከወር በኋላ ይመለሳል።

ይመለሳላ! ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ነው። የሞተ ነርቭ ደም አይደርሰውም፤ ደም የማይደርስበት ቦታ መድኃኒትም አይደርስም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም ተው። ድዱን ያቃጥለዋል እንጂ ጥርሱን አያድነውም። ፊትህ ካበጠና እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ ትኩሳት ካለህ፣ መዋጥ ወይም አፍህን መክፈት ካቃተህ ግን እስኪነጋ አትጠብቅ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂድ።

ከማራኪ፦ ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። እንዳይደማ ብዬ መቦረሽ ትቻለሁ።

እታለም፣ ገልብጠሽዋል። የሚደማው ብሩሹ ስለነካው ሳይሆን ድዱ ስለተቆጣ ነው። በድድና በጥርስ መጋጠሚያ ላይ ባክቴሪያ ያለበት ለስላሳ ነጭ ነገር ይለጠፋል። ካልተጠረገ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ ይደነድናል። የጥርስ ድንጋይ የምንለው እሱ ነው። ከደነደነ በኋላ ብሩሽ አይነቅለውም፣ በመሣሪያ ነው የሚነሣው።

ድዱ መድማት ላይ ብቻ ካለ ይድናል። ጥርስሽን አሳጥበሽ በደንብ ስትቦርሺ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት መድማቱ ይቀራል። ችግሩ ሲቆይ ነው። ቁጣው ወደ ውስጥ ገብቶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል። አጥንቱ አንዴ ከሄደ በራሱ ተመልሶ አይመጣም። እኛ የምናደርገው የቀረው እንዳይሄድ መያዝ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያምም! ለዚህ ነው ሰው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ብቻ የሚመጣው። ድድ ሲሸሽ፣ ጥርስ የረዘመ ሲመስል፣ መጥፎ ሽታ አልለቅ ሲል ምልክቱ እሱ ነው።

የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙም ላይደማ ይችላል፤ በሽታው ግን በእሱ ይብሳል። ስኳር ያለበትም ሰው በሽታው ይብስበታል። ስኳሩ ድዱን ያባብሳል፣ የታመመው ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። የስኳር ክትትል ያላችሁ ድዳችሁንም አሳዩ።

ከአራዳ፦ ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል፣ ያነቃንቃል ይባላል።

ይህን ወሬ ማን እንዳስጀመረው ባገኘው! ድንጋዩ በጥርሶችህ መሃል እንደ ሲሚንቶ ቆሞ አጥንት ያጣውን ጥርስ ደግፎ ይዞት ነበር። ሲነሣ ክፍተቱና መነቃነቁ ይታያል። የድሮ ጉዳት ተገለጠ እንጂ አዲስ ጉዳት አልደረሰም። ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ሊጠዘጥዝህ ይችላል፤ ያልፋል።

ከደባርቅ፦ እናቴ ድዷን ተነቅሳለች። «ውቅራት ድድ ያጠነክራል» ትላለች። ይጎዳታል?

የእናትሽ ውቅራት ውበቷ ነው፤ አትንኪባት። ድድ ያጠነክራል የሚለው ግን ልክ አይደለም። እንዲያውም እኛን ያስቸግረናል። የተቆጣ ድድ መቅላቱን አይተን ነው የምንለየው፤ ጥቁሩ ደግሞ ይሸፍነዋል። ስለዚህ እሷን ስታመጫት የምናየው መድማቱንና ድዱ ምን ያህል ከጥርሱ እንደተላቀቀ ነው። አንቺ ልነቀስ ካልሽ ግን አልመክርሽም። በአንድ እሾህ ወይም መርፌ ብዙ ሰው ሲነቀስ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይተላለፋል።

ከዳባት፦ የሰባት ወር ልጄ ተቅማጥ ይዞታል። አማቴ «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ብለዋል።

እባክሽ እንዳታስነኪው። ግግ ተብሎ የሚታየው እብጠት ለመውጣት የተዘጋጀ የወተት ክራንቻ ነው። ተቅማጡን አላመጣም። ባልተቀቀለ ስለት ሲቆፈር ልጁ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ይበቅላል። ተቅማጥ የሚገድለው ውኃ አስጨርሶ ስለሆነ ጡትና በውኃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ ስጪው፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ለአማትሽ «ሐኪሙ ከልክሎኛል» በያቸው። ጥፋቱ በእኔ ይሁን።

ከቀበሌ 18፦ መፋቂያ ወይስ ብሩሽ?

ሁለቱም። የክትክታም የወይራም መፋቂያ የፊቱን በደንብ ያጸዳል። የውስጡንና የኋላውን መንጋጋ ግን ይዘለዋል፣ ጥርስ የሚያጠነክረው ፍሎራይድም የለውም። ቀን ፋቅ፣ ማታ ከመተኛትህ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ለሁለት ደቂቃ ቦርሽ። አረፋውን ትፋ፣ በውኃ አትጉመጥመጥ። ጠዋትም ብትደግመው ደስ ይለኛል።

መተሐራ ያደግሁ ነኝ። ጥርሴ ቡናማ ነው። ባሳጥበው ይለቃል?

አይለቅም። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ ቀለሙ ጥርሱ ገና ሲሠራ የገባ ነው። የፊቶቹን በጥርስ ቀለም ሙሌት መሸፈን ይቻላል። በሎሚና በከሰል አትፈግፍገው፣ ጥርሱን ትበላዋለህ።

ከቆላ ድባ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ከላይ ሦስት፣ ከታች አራት ጥርስ የለኝም። የቱ ይሻለኛል?

ጋሼ፣ አፍዎን ሳላይ መፍረድ ይከብደኛል። መንገዱ ግን ሦስት ነው። ተነቃይ ጥርስ ርካሹ ነው፤ ማታ አውልቀው ውኃ ውስጥ ያሳድሩታል። የፈላ ውኃ ግን አያፍሱበት፣ ይጣመማል። ሁለተኛው ብሪጅ ነው፤ በጎን ባሉት ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ጥርስ። አይወልቅም፤ ነገር ግን በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች ይሞረዳሉ። ጤነኛ ጥርስ መሞረድ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ሦስተኛው ኢምፕላንት ነው። የታይታኒየም ብሎን አጥንት ውስጥ ይተከላል፣ አጥንቱ እስኪይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል፣ ከዚያ ጥርሱ ይገጠማል። ስዊድናዊው ሐኪም ብሮነማርክ ይህን በሰው ላይ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ውድ ነው፤ በቂ አጥንትም ይፈልጋል። የትኛውንም ቢመርጡ መጀመሪያ ድድዎ ይታከም። በታመመ ድድ ላይ ኢምፕላንት መትከል በረግረግ ላይ ቤት መሥራት ነው።

ልጄ የገና ጨዋታ ሲጫወት በዱላ ተመትቶ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጥርሱን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

ደርቆ ከቆየ እሱ የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ልጁን ግን አምጣው፣ የቀሩት መሰንጠቃቸውን እንይ። ሌሎቻችሁ ያዙልኝ፦ የወለቀው ቋሚ ጥርስ ከሆነ ሥሩን ሳትነኩ ከላይ በኩል ያዙት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አለቅልቁት፤ አትፈግፍጉት። ከቻላችሁ ወዲያው ወደ ቦታው መልሱትና ልጁ ጨርቅ ይንከስበት። ካልቻላችሁ ወተት ውስጥ ከታችሁ ሩጡ። በግማሽ ሰዓት ከደረሳችሁ ጥሩ ዕድል አለው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አትመልሱት፤ ከሥሩ ያለውን ይጎዳዋል። እሱን እንደ ልማዳችን ጣራ ላይ ወርውሩት።