የኢስታንቡሉን መጽሐፍ አትጣዪው፤ ግን የታተመበትን ዓመት መጀመሪያ እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ሱቅ ዘግቼ ቤት ስገባ ነው ያየሁት። ሌላውም እንዲከታተል በአጭሩ ልድገመው። ከኮምቦልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢስታንቡል ልትሄጂ ነው። ዐሥር ቀን ትቆያለሽ፤ ግማሹ ለዕቃ፣ ግማሹ ለጉብኝት። ወንድምሽ በፈረንጆች 2017 የታተመ ወፍራም የጉዞ መጽሐፍ ላከልሽ። «እሱን አምኜ ልሂድ ወይስ ጉድ ይሠራኛል?» ነው ያልሽው።

ከላይ አንዳንዶች «ስልክ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል፣ ጣዪው» ብለውሻል። እኔ አልስማማም። ደሴ ፒያሳ ልብስ እሸጣለሁ። ኢስታንቡል ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በ2019፣ በ2022 እና በ2024። እንዳይምታታብሽ፣ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ ነው። ሦስቴም የ2016 እትም የሆነ አንድ መጽሐፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። ብዙ ጊዜ ደግሞ አውጥቶኛል።

ጉድ የሠራኝን ላስቀድም። መጽሐፉ «ከኤርፖርቱ ሜትሮ አለ፣ ከተማ ድረስ ያስገባል» ይላል። ገጹን አጥፌ ምልክት አድርጌበታለሁ። በ2019 መጨረሻ ገደማ ደረስኩ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ የሜትሮ ምልክት ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ሄደ። የለም። ለካ መጽሐፉ የሚያወራው ስለ አሮጌው ስለ አታቱርክ ኤርፖርት ኖሯል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የመንገደኛው በረራ ጠቅልሎ ወደ አዲሱ ኤርፖርት ተዛውሯል። አዲሱ ላይ ደግሞ ያኔ ሜትሮ አልገባም ነበር። የገባው በ2023 መጀመሪያ ነው።

ታክሲ ያዝኩ። መጽሐፉ የታክሲም ዋጋ አለው። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ሹፌሩ ቆጣሪውን አሳየኝ፤ ከመጽሐፉ ከእጥፍ በላይ ነው። ገጹን ገልጬ ፊቱ ዘረጋሁለት። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እሱ በቱርክኛ፣ እኔ በእጄ ተጨቃጨቅን። የሆቴሉ ልጅ ወጥቶ ገላገለን። «ኤርፖርቱ ርቋል፣ ሊራው ወድቋል፣ ሰውየው ቆጣሪው ያለውን ነው የጠየቀሽ» አለኝ። ከፈልኩ። ይቅርታ ልለው ዞር ስል መኪናውን አስነስቶ ሄዷል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አባቴን የሚያህል ሰው በአሮጌ ወረቀት ሌባ አደረግሁት።

መጽሐፉ ዋሽቶ አይደለም። ጸሐፊው ይሄዳል፣ ያያል፣ ይመለሳል፣ ይጽፋል። ከዚያ ይታረማል፣ ይታተማል፣ በመርከብ ይጫናል። ገበያ ሲወጣ ወሬው ዓመት ገደማ ሆኖታል። አዲስ እትም እስኪመጣ ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ የአንቺ የ2017 መጽሐፍ የሚነግርሽ በ2016 የታየችውን ኢስታንቡል ነው። ከሽፋኑ ቀጥሎ ትናንሽ ፊደል የሞላበት ገጽ አለ። ዓመቱ እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ እሱን አንብቢ።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም። እኔ መጀመሪያ ስሄድ አንድ ዶላር 6 ሊራ አልሞላም። በ2022 18 ገደማ ሆነ፣ በ2024 33 ገደማ። መጽሐፉ ላይ ሊራ ያለበትን ቦታ ሁሉ እለፊው።

አሁን ድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረውን አያ ሶፊያን ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ2019 ስገባ ሙዚየም ነበር። ትኬት ቆርጬ ፎቁ ላይ ወጣሁ። የክርስቶስ፣ የማርያምና የመጥምቁ ዮሐንስ ሞዛይክ ፊት ቆሜ መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩ። ግማሹ ረግፏል፤ ፊታቸው ግን እንዳለ ነው። በ2022 ስመለስ መስጊድ ሆኗል፤ የተቀየረው በ2020 ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ተከናንቤ፣ ሳልከፍል ገባሁ። አረንጓዴ ምንጣፉ ላይ ዙህር ሰገድኩ። ፎቁ ግን ዝግ ነበር። በ2024 ደግሞ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ለሰጋጅ ምድር ቤቱ እንደ ድሮው ነጻ ነበር። የውጭ ቱሪስት ግን በሌላ በር ገብቶ፣ 25 ዩሮ ከፍሎ፣ ፎቁን ብቻ ነበር የሚያየው። አንድ ቤት፣ ሦስት ጉዞ፣ ሦስት ዓይነት አገባብ። መጽሐፌ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ግን እዩልኝ፤ ያው መጽሐፍ «በ537 ዩስጢንያኖስ ያሠራው ነው፣ በ1453 መስጊድ ሆነ» ሲል ልክ ነው። ጉልላቱ ወርዱ 31 ሜትር ያህል ነው ሲል ልክ ነው። የትኛው ማዕዘን ላይ ቆመሽ ቀና ብትዪ ምን እንደምታዪ ሲነግርሽ ልክ ነው። በስልክ ከማገኘው ሁሉ የተሻለ የነገረኝ እሱ ነው። ከተማዋ በባሕር ለሁለት መከፈሏ፣ ከኤሚኖኑ ጀልባ ይዘሽ ወደ እስያው ወገን ወደ ካድኮይ መሻገርሽ፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ፣ ትልቁ የተሸፈነ ገበያ እሑድ መዘጋታቸው፣ ይህ ሁሉ እኔ በሄድኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሠርቶልኛል። ያም ሆኖ የመክፈቻ ሰዓትን ከመሄድሽ በፊት በዋዜማው አጣሪ።

ያወጣኝ ቀን ደግሞ ይኸውልሽ። የገላታ ድልድይ ላይ ዓሣ አጥማጆቹን እያየሁ ስሄድ አንድ ሊስትሮ ዕቃውን አንጠልጥሎ አለፈኝ። ጠብ! ብሩሹ እግሬ ሥር ወደቀ። ሰውየው አላወቀም፤ ይሄዳል። እኛ አገር ብሩሽ የወደቀበትን ሰው ጠርተሽ ካልሰጠሽ ኅሊናሽ ይወቅስሻል። ጎንበስ ልል ስል ገጹ ትዝ አለኝ። ብሩሹን አውቆ ይጥለዋል፣ ስታነሺለት ያመሰግንሻል፣ ለውለታው ጫማሽን ካልጠረግሁ ይልሻል፣ መጨረሻ ላይ ብዙ ብር ይጠይቅሻል። ቀጥ ብዬ አለፍኩ። ወደ ኋላ ስዞር ራሱ ተመልሶ ብሩሹን ሲያነሣ አየሁት። ኤርፖርት ይዛወራል፣ ብር ይወድቃል፤ የማታለል ዘዴ ግን ብዙም አይቀየርም። ያንን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አንብቢው።

ሌላው ነገር፣ መጽሐፉ ለአንቺ አልተጻፈም። የተጻፈው ቪዛ ለማያስጨንቀው፣ ለመዝናናት ብቻ ለሚመጣ ሰው ነው። አንቺ የምትሄጂበት ላሌሊ በእኔ መጽሐፍ ሁለት መስመር አይሞላም። ልብስ በጅምላ የሚሸጥበት ሰፈር እሱ ነው። ሱቆቹ ላይ ማስታወቂያው በሩሲያኛም ጭምር ነው፤ ብዙ ደንበኞቻቸው ከዚያ ወገን ናቸው። አብዛኛው ሱቅ በነጠላ አይሸጥልሽም። አንዱን ሞዴል ከትንሹ ሳይዝ እስከ ትልቁ በጥቅል ነው የምትወስጂው። ካርጎውን፣ የኪሎ ዋጋውን፣ የትኛው ሱቅ ቃሉን እንደሚጠብቅ ለማወቅ ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት ሄዶ የመጣ ሰው ጠይቂ። አንድ ሰው ብቻ እንዳትጠይቂ፤ ሁለት ይሁኑ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሚ ከሆነም መጽሐፉ አይረዳሽም። መርጂሜክ የሚሉት የምስር ሾርባ በየቦታው አለ፤ አንዳንዱ ቤት ግን ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ይጨምርበታል። ሳትጠይቂ አትብዪ።

አንድ ሰው ከላይ «የትኛው መጽሐፍ ታማኝ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ብሏል። እኔ አንድ መለኪያ አለኝ። ከጦርነቱ በፊት አንድ ፈረንጅ ሱቄ ገብቶ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ የጉዞ መጽሐፉን ትቶልኝ ሄደ። ደሴን ፈልጌ አወጣሁ። ወደ ላሊበላ ሲያልፉ የሚያድሩባት ከተማ ናት ይላል፤ ግማሽ ገጽ። የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ ጠቅሷል፤ ጥሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ እንደሆነ፣ ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እንደሚመጣ ጽፏል፤ ልክ ነው። ሙዚየሙን እዩ ይላል። ሙዚየማችን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ሰኞ ገበያን አያውቀውም። ቡና ተጠጥቶ እስከ በረካ የሚቆይበትን ጨዋታችንንም አያውቀውም። መንገዱንና ሕንፃውን በትክክል አስቀምጦ ሰዉን ሳያገኘው አለፈ። የኢስታንቡሉም እንደዚያው እንደሚሆን ያን ቀን ገባኝ። አንቺም የምታውቂውን አገር የሚመለከተውን ገጽ አንብቢና ለሌላው ምን ያህል እንደምታምኚው ወስኚ።

ስልክም ቢሆን እኮ ያው ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ብዙው ጽሑፍ መቼ እንደተጻፈ እንኳን አይናገርም። መጽሐፉ ቢያንስ ዓመቱን ደፍሮ አትሞታል። ደግሞ ባትሪ አያልቅበትም። በ2022 ስልኬ ሞቶብኝ ከላሌሊ እስከ ሆቴሌ ያመጣኝ የመጽሐፉ ካርታ ነው። ትራሙ በየት እንደሚያልፍ ካወቅሽ አትጠፊም።

እንግዲህ አብሽሪ። መጽሐፉን ያዢው። ታሪኩን፣ ካርታውንና የማጭበርበሩን ምዕራፍ እዚሁ ኮምቦልቻ እያለሽ ጨርሺ። የትራንስፖርቱንና የዋጋውን ገጽ በእስክሪብቶ ሰርዢው፤ እዚያ ደክሞሽ ስትደርሺ እንዳያሳስትሽ። ለትራሙ፣ ለሜትሮውም ለጀልባውም የሚሆነው ኢስታንቡልካርት የሚሉት ካርድ ነው። የእኔ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ከመሄድሽ በፊት ደሴ ብቅ ካልሽ ውሰጂው፤ እዚያ ማሽኑ ላይ ብር ትሞዪበታለሽ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ሱቁ የቱ ጋ እንደሆነ እነግርሻለሁ። ስትመለሺ ካርዱንም፣ አዲሱን የታክሲ ዋጋም ይዘሽልኝ ነይ።