አንቀጽ ይዛችሁ ግቡ

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ «ሴቶች በጦርነት ስለሚደርስባቸው በደል ለሕግ አውጪዎች ብንጮህ ሰሚ አለ ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ቶሎ አልመለስኩላትም፤ ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

አንድ ቋሚ ኮሚቴ በሕግ ባለሙያነት በማማክርበት ዘመን፣ ለጦርነት ተጎጂዎች ካሳ የሚሰጥ ረቂቅ አዋጅ ለሕዝብ አስተያየት ቀርቦ ነበር። አንዲት ጠና ያለች ሴት ተነሥታ ወታደሮች ያደረሱባትን ተናገረች። ቢበዛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። አባላቱ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱማ መሐረብ አወጣ። ጥሩ ሰው ነበር፣ ላማው አይደለም። ሰብሳቢው በትሕትና «የሕክምና ማስረጃ ይዘዋል?» አላት። መንደሩ ሲቃጠል ጤና ጣቢያውም አብሮ መቃጠሉን ነገረችው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን ከወረቀቱ አንሥቶ ሰብሳቢውን ሲያይ ትዝ ይለኛል፤ ይመዝገብ ወይስ ይለፍ እንደማለት። ታለፈ። አዋጁ ጸደቀ። ለፈረሰ ቤት፣ ለጎደለ አካል ካሳ ይከፈላል፤ «ማስረጃ ላቀረበ»። ያ ሁሉ እንባ አንዲት ቃል አላስቀየረም።

እናንተ በአንድ ሌሊት ሃሽታግ ታዳርሳላችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሌላ ጉዳይ ትሄዳላችሁ። የትኛው አንቀጽ እንዲቀየር እንደምትፈልጉ ስጠይቅ ግን የሚመልስልኝ ጥቂት ነው።

መርሁማ ሞልቷል። የ1949ኙ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 27 ሴቶች ከመደፈር እንዲጠበቁ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በ2000 ስለ ሴቶች፣ ሰላምና ጸጥታ የሚናገረውን ውሳኔ 1325ን አሳልፏል። የሚጎድለው በየአገሩ የውስጥ ሕግ ነው፤ ማስረጃው፣ ቀነ ገደቡ፣ ገንዘቡ። የኮሶቮ ጦርነት በ1999 አበቃ፤ የተደፈሩትን ተጎጂ ብሎ የሚያውቅ የሕግ ማሻሻያ የወጣው በ2014፣ ወርሃዊ ክፍያው የተጀመረው በ2018 ነው። ኢራቅ በ2021 አይሲስ ማርኮ ለደፈራቸው የያዚዲ ማኅበረሰብ ሴቶች ጥሩ ሕግ አወጣች፤ አስፈጻሚው ኮሚቴ ግን መጀመሪያ የወንጀል አቤቱታ አቅርቡ ማለት ጀመረ። ያው የሕክምና ማስረጃው ጥያቄ ነው፣ ሌላ ልብስ ለብሶ።

እንባ አይሠራም ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ ወይም ብያለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በአካየሱ (በዘር ማጥፋቱ ጊዜ የታባ ከንቲባ በነበረው) ላይ የቀረበው የመጀመሪያ ክስ ስለ መደፈር አያነሣም ነበር። በ1997 ሴቶች በምስክርነት ተናገሩ፤ በችሎቱ ብቸኛዋ ሴት ዳኛ ናቫኔተም ፒላይ ምስክሮቹን ስለ መደፈሩ ጠየቀች፤ ክሱ ተሻሻለ፤ በ1998ም መደፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ተፈረደ። ልዩነቱ እዚያ ቃላቸው መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው።

ስለዚህ ለምክር ቤት አባል ስትጽፉ አንድ ገጽ ይበቃል። ካሳ ማንንም እስር ቤት አያስገባምና የተጎጂዋ ቃል ይብቃ በሉ። ቃሏ በዝግ ይሰማ፣ ማመልከቻው ቀነ ገደብ አይኑረው። ክፍያው ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚወጣም ጻፉ፤ ይህን የሚረሱት ብዙ ናቸው፣ ረቂቅ የሚሞተውም በጀት ኮሚቴ ዘንድ ነው። ተጎጂዋን ግን፣ ራሷ ካልፈለገች፣ ይዛችኋት አትሂዱ። ረቂቃችሁን ላኩልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ።