መስክ ለመውጣት የግድ ባሌ መሄድ የለም

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የዕፅዋትና የእንስሳት ጥያቄ ይበዛብኛል። ከሰሞኑ አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር ተማሪ ነኝ። አእዋፍ ማጥናት አምሮኛል፤ ባሌ መሄጃ ግን የለኝም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቁራ። ቀልዴን አይደለም። ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። የውጭ አገር ሰው እሱን ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣል፤ እኛ የቆሻሻ ገንዳ ላይ እናየዋለን። ደረቱ ነጭ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ እሱ አፍሪካ ውስጥ በብዙ አገር አለ። ሁለቱን ሳትሳሳት ስትለይ በማለዳ ወደ እንጦጦ ውጣ። ያየኸውን እዚያው ጻፍ። ማታ ቤት ገብተህ ከጻፍክ ግማሹ ግምት ነው።

ጥያቄ፦ ተክል ጋዜጣ ውስጥ አድርጌ ሳደርቅ ሻገተብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ጋዜጣውን አልቀየርሽም። የተክሉን ውሃ የሚመጠው እሱ ስለሆነ፣ ርሶ ከቆየ መሻገቱ አይቀርም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ ደረቅ ቀይሪ፤ ከላይና ከታች ካርቶን አድርገሽ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። ቅጠል ብቻም አትቁረጪ። ዝርያው በደንብ የሚለየው አበባ ወይም ፍሬ ሲኖረው ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የአበባውን ቀለም (ሲደርቅ ይለወጣል) እና የአካባቢው ሰው የሚጠራበትን ስም ጻፊበት። ይሄ ከሌለው፣ የፈለገ ቢያምር፣ እኔ ዘንድ ገለባ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማስቀመጫ) ናሙናዎቹን የሚያስቀምጠው እንዲህ ካለ ማስታወሻ ጋር ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 8 ቅጾች የተጻፉትም በእነዚህ ደረቅ ቅርንጫፎች ላይ ተመሥርቶ ነው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ሁለት ኮሶ አለ። የአንዱ አበባ ቀላ ይላል፤ የሌላው ገርጣ ያለ ነው። ሁለት ዓይነት ኮሶ አለ እንዴ?

መልስ፦ የለም፣ አባባ፤ ወንድና ሴት ናቸው። ኮሶ ጾታው በዛፍ ይለያል። ቀላ ያለችው ሴቷ ናት፤ ዱሮ ለመድኃኒት ይለቀም የነበረውም የእሷ አበባ ነው።

ጥያቄ፦ ስሜን ተራሮች ስንሄድ ለጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ዳቦ ብንሰጥ ጠጋ ይሉልናል?

መልስ፦ ይሉ ይሆናል፤ ግን አትስጡ። ጭላዳ ሣር በል ነው። ዳቦ ከለመደ ሰው እየተከተለ ያስቸግራል፤ እናንተም የመጣችሁበትን ነገር አታዩም። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና እጁን ተመልከቱ። ቁጭ እንዳለ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን እየመረጠ ይነቅላል። ዳቦውን እናንተው ብሉት፤ ብርዱ ያስርባል።