ሃሎ ማለት ሲከብድ

ሜሪላንድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ብርድ፣ የተከራየኋት ምድር ቤት ማሞቂያዋ ተበላሸ። የጥገናው ስልክ ቁጥር ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። የሚጠበቅብኝ መደወል ብቻ ነበር። እኔ ግን ሦስት ሌሊት ከነጃኬቴ ተኛሁ። (የደብረ ብርሃን ልጅ በብርድ አይታማም፤ ቢሆንም ለሁሉም ልክ አለው።) የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ እደውላለሁ፤ መጥራት ሲጀምር እዘጋዋለሁ። በአራተኛው ቀን አብሮኝ የሚሠራ የጅሩ ልጅ መጣና ደወለልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። እንግሊዝኛው ደግሞ ከእኔ የባሰ ነበር።

ያኔ ነው ችግሬ ቋንቋ ሳይሆን የመናገር ፍርሃት እንደሆነ የጠረጠርኩት። ዛሬ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ስኖር፣ ውጭ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ነገር ስለምሰማ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩ በጥናት የታወቀ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማረው ጄምስ ማክሮስኪ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ይህን ፍርሃት መለካት ያዘ። እንደ እሱ አባባል ፍርሃቱ የሚመጣው ስንናገር ብቻ አይደለም፤ ገና ልናገር ነው ብለን ስናስብም ይይዘናል። ሦስቱ ሌሊት ማለት ነው። በኋላ ያዘጋጀው መጠይቅ 24 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ24 እስከ 120 ይደርሳል። የወደድኩለት ግን ቁጥሩን አይደለም። ፍርሃቱን በአራት ቦታ ከፍሎ ያየዋል፦ በቡድን ውይይት፣ በስብሰባ፣ ሁለት ሆኖ በማውራት፣ በሕዝብ ፊት በመናገር። አንዱ ላይ አንበሳ የሆነ ሰው ሌላው ላይ ሊርድ ይችላል። በዕድር ስብሰባ ተነሥቶ ሒሳብ የሚያፋጥጥ፣ ማንንም የማይፈራ ሰው አውቃለሁ። የልጁ አስተማሪ ስታስጠራው ግን ሸሚዙ በላብ ይርሳል። ስለዚህ «እኔ ፈሪ ነኝ» ከማለት በፊት የት ቦታ እንደምትፈሩ ለዩ።

የእኛ ፍርሃት ደግሞ ይሉኝታ የሚባል አጋዥ አለው። መንዝ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ካልጠየቁት አይናገርም። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። ይህን አስተዳደግ አልነቅፍም፤ ጨዋ አድርጎናል። ነገር ግን ፈረንጅ ቢሮ ውስጥ ዝምታ ሌላ ትርጉም አለው። አንድ ጊዜ የሥራ ግምገማዬ ላይ «በስብሰባ አይናገርም» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ምስጋና መስሎኝ ለባለቤቴ በኩራት አነበብኩላት። እሷ ናት እየሳቀች፣ «አንተ ሰውዬ፣ ነጥብ ነው እኮ የቀነሱብህ» ያለችኝ።

አንድ ጥናት በጣም ረድቶኛል። ሳቪትስኪ እና ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ተናጋሪ ሰው ድንጋጤው የሚታይበት ይመስለዋል እንጂ አድማጩ የዚያን ያህል አያይበትም። ይህንን አስቀድመው የተነገራቸው ሰዎች ደግሞ ከሌሎቹ የተሻለ ተናገሩ። እኔም ከስብሰባ በፊት «ልቤ ሲመታ የሚሰማው ራሴ ብቻ ነኝ» እላለሁ። እስካሁን አልተውኩትም።

ፍርሃቱን የሚያሳድገው ሽሽት ነው። አንድ ስልክ በዘለላችሁ ቁጥር ለጊዜው እፎይ ትላላችሁ፣ የሚቀጥለው ግን ይብሳል። መፍትሔው በአንዴ መድረክ ላይ መውጣት አይደለም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሹፌር መኪናውን ዝም ብሎ አይለቀውም፤ በማርሽ እየያዘ ነው የሚያወርደው። መጀመሪያ ሱቅ ገብታችሁ ዋጋ ጠይቁ። ከዚያ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደውላችሁ የሥራ ሰዓቱን ጠይቁ። ስብሰባ ላይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆናችሁ አንድ አጭር ጥያቄ ጣል አድርጉ፤ በቆየ ቁጥር ይከብዳልና። ፍርሃቱ ከሥራና ከሰው የሚያስቀር ከሆነ ግን ሐኪም የሚያየው ጉዳይ ነው፤ ሕክምና አለው፣ ነውርም የለበትም።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃችሁን ሐኪም ፊት አስተርጓሚ አታድርጉ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «የአማርኛ አስተርጓሚ» ማለት ብቻ ይበቃል። የእናቱን የማህፀን በሽታ ያስተረጎመ ልጅ አይቻለሁ። ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሣም።

ስልክ የሚከብደው ለፈረንጅ ስንደውል ብቻ ቢሆን ደግሞ በተሻለ። ለእናት መደወልም ይከብዳል። የምትልኩት ሲጠፋ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ወረቀት ሲዘገይ፣ «ምን እላታለሁ?» ብላችሁ ስልክ ትተዋላችሁ። ሳምንቱ ወር ይሆናል፣ ወሩ ዓመት። እዚህ ያለውን አላያችሁትም። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የሚይዙት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም አይፈቱትም። ባለፈው መንገድ ላይ አስቆሙኝና «አንተ እዚያ ኖረሃል፣ ምን አስቀይሜው ይሆን?» አሉኝ። ልጃቸው እንዳፈረ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «በምን? እኔ እናቱ አይደለሁም እንዴ?» አሉ። ገንዘብ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ስለዚህ ቀን ቁረጡ፤ እሁድ ከሆነ እሁድ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ያስጨነቃችሁን መጀመሪያ ላይ አውጡት፦ «እማዬ፣ ዛሬ የምልከው የለኝም፤ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።» ከዚያ በኋላ ያለውን እሷ ታወራዋለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለሞተው ሰው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለዕረፍት ስትመጡም ይኸው ፍርሃት እነሱ ላይ ይወርዳል። ሆርዊትዝ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 በውጭ ቋንቋ ተማሪዎች ላይ እንደጻፉት፣ ተማሪውን ከሚያስሩት ነገሮች አንዱ ሰው እንዳይስቅብኝ፣ እንዳይገምተኝ የሚለው ስጋት ነው። ሐሳቡ ሁሉ እዚያ ሲያልቅ የሚያውቀው ቃል ራሱ ይጠፋበታል። የእኛ ቤተ ዘመድ ደግሞ በፍቅር ነው የሚስቀው፤ ልጁ ግን ያንን በምን ያውቃል?

የእህቴ ልጅ አምና መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሲመጣ አሥር ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት አያቱን «እማማ፣ አንተ ብላ» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአጎቱ ልጆች አስደገሙት፣ በስልክ ቀረጹት። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ በጭንቅላቱ ብቻ አዎና አይ እያለ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን አያቱ ሌሎቹን ልጆች ወደ በጎቹ ሰደዷቸው። እሱን ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ገብስ እየቆሉ ነበር። ምንም አላስተማሩትም፣ ምንም አልጠየቁትም። ያማስላሉ፣ ጭሱን በእጃቸው ይመልሳሉ፣ የበሰለውን ፍሬ እያነሡ መዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል። በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ብዙ ቆይቶ ቀና ብሎ አያቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ደክሞሃል?» አላቸው።

«አዎ ደክሞኛል፣ ልጄ» አሉና የሚያማስሉበትን እንጨት ሰጡት። «እንካ፣ አሁን ደግሞ አንተ ቁላ።»