እግሩን የሚያነሳው ማን ነው?

ልጆቼ፣ በተለይ ፊዚዮቴራፒ የምትማሩና ፖሊ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ፣ ሞተር ስትፈቱ የምትውሉ፦

ከመካከላችሁ አንዱ ቪዲዮ ልኮልኛል። ስትሮክ የመታውን ሰው በመታጠቂያ አንጠልጥሎ ሮቦት ያራምደዋል። «ጋሼ፣ ይሄ ባሕር ዳር ከገባ እናንተ ፊዚዮቴራፒስቶች ሥራ መፍታታችሁ ነው» ይላል። ሳቄ መጣ። መብራት ሲጠፋ ሰውየውን ማን ሊያወርደው ነው?

ማሽኑን ግን አልንቅም። የስዊዘርላንዱን ሎኮማት ውሰዱ። የታካሚውን ክብደት ከላይ ይይዝለታል፤ ዳሌውና ጉልበቱ ላይ ያሉት ሞተሮች ትሬድሚል (ባሉበት ቦታ የሚያራምድ ማሽን) ላይ እግሩን ያንቀሳቅሱለታል። እኛ ሁለት ሦስት ሆነን ወገባችን እስኪቆረጥ አጎንብሰን የምንሠራውን እሱ ሳይደክመው ይደጋግመዋል። የተጎዳ አንጎል ደግሞ የሚማረው በመደጋገም ነው።

ችግሩ፣ ሞተሩ ሁሉን ከሠራለት ሰውየው ይለግማል። አይፈረድበትም፤ ማንም ይለግማል። ጎበዝ ባለሙያ ታካሚው በበረታ ቁጥር የሞተሩን እገዛ ይቀንሳል። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከሮቦቱ ይበልጥ የሚጠቀሙት ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ያሉና ጭራሽ መራመድ ያቃታቸው ናቸው፤ እነሱም ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲያገኙት። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ 408 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ፣ ያለ ሮቦት በመታጠቂያ ተይዞ ትሬድሚል ላይ መራመድን ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ ከሚያሠራው እንቅስቃሴ ጋር አወዳደረ። ትሬድሚሉ አልበለጠም። ለእኛ ይሄ ትልቅ ዜና ነው። ቤትና ወንበር መቼ አጣን?

ዘመድ አዝማድ ታካሚውን ከወንበር ሊያስነሳ ሲረባረብ የደከመውን ክንድ ይጎትታል። ተዉ በሏቸው፤ ትከሻው ከቦታው ይወጣል። በደከመው ጎን ቁሙ፣ ወገቡን ያዙ። እግሮቹን ወደ ኋላ ይሰብስብ፤ አፍንጫው ከእግር ጣቶቹ በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ያዘንብል። ከዚያ ጠብቁ። የሚከብደው መጠበቁ ነው፤ እጃችሁ ይቁነጠነጣል። ጭኑ ከተንቀጠቀጠ እየሠራ ነውና አትሽቀዳደሙት።

ትሬድሚል ላይ ባጃጅ ጥሩምባ አይነፋም። ሰውየው የሚኖረው ግን ባጃጅ ባለበት ከተማ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደና ደጋፊ ካለው፣ ፀሐይ በረድ ሲል ጣና ዳር አውጡት፤ ሰው እያለፈ፣ ልጅ እየሮጠ ይለማመድ።

ፖሊዎች፣ ሮቦት መሥራት ካማራችሁ ሥሩ። ንድፉን ከመጀመራችሁ በፊት ግን ፊዚዮ ክፍል ገብታችሁ አንድ ቀን ዋሉ። እስከዚያው ለከዘራ ጫፍ የሚሆን የማያንሸራትት ጎማ ሥሩልን፤ ያሉንን ኮብልስቶኑ ጨረሳቸው።