ሥዕልሽን ከመሸጥሽ በፊት ፎቶውን አስተካክዪ

ሰላም እህቴ። «የሁለተኛ ዓመት የሥዕል ተማሪ ነኝ፤ የራሴን ሥራዎች፣ የምወዳቸውን ሠዓሊዎች፣ ከሙዚቃውም ከመንገዱም የማገኛቸውን ደስ የሚሉ ነገሮች የማካፍልበት ቻናል ልክፈት? ፎቶዎቼስ ለምን ቢጫ ይሆናሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ክፈቺ። ስለ ስሙና ስለ ሎጎው አትጨነቂ፣ ዋናው ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። እጃቸው የተባረከ ልጆች ሥራቸው በመጥፎ ፎቶ ምክንያት ሲናቅ ማየት ያንገበግባል። የተሸጠ ሥዕል ደግሞ ተመልሶ ፎቶ አይነሳም። ገዢው ይዞት ከሄደ በኋላ ለማመልከቻም ለካታሎግም የሚቀርሽ ያው ያነሳሽው ፎቶ ብቻ ነው።

1. ብርሃን። ቢጫው የሚመጣው ከአምፖሉ ነው። ከቢጫው የሚብሰው ግን የመስኮትና የአምፖል ብርሃን መቀላቀል ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው የሥዕሉ ግማሽ ወደ ሰማያዊ፣ በአምፖሉ በኩል ያለው ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቢጫውን ላስተካክል ስትዪ ሰማያዊው ይብስበታል፣ ሰማያዊውን ስትነኪ ቢጫው። እንዲህ የተነሳ ፎቶ በአፕ አይድንም፣ እንደገና ማንሳት ነው። ስለዚህ አምፖሉን አጥፊና ሥዕሉን ደመና ባለበት ቀን ደጅ አውጪው፣ ወይም ጥላ ውስጥ አቁሚው። የክረምት ሰማይ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይመጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ ግን የብሩሹን ጭረት ሁሉ ጥላ ያበጅለታል፣ ዘይት ቀለሙንም ያንጸባርቀዋል።

የግቢውን ግድግዳም እዪው። አረንጓዴ ከተቀባ ነጩ ሸራሽ አረንጓዴ ይመታል። ራቅ በዪ፣ ካልሆነም ነጭ አንሶላ ጋርጂበት። ራስሽም ጥቁር ልበሺ፤ ቀይ ሹራብ ለብሰሽ ቫርኒሽ የተቀባ ሥዕል ፊት ከቆምሽ ሹራቡ ሥዕሉ ላይ ይታያል።

ጊዜ የሚኖርሽ ማታ ብቻ ከሆነ አንድ ዓይነት ሁለት አምፖሎች ግዢ። ካርቶናቸው ላይ 5000 ወይም 5500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ፣ K)፣ ሲአርአይ (ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው CRI) ደግሞ 90 እና ከዚያ በላይ የሚል ይሁን። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ፣ ከሥዕሉ እኩል ርቀት ላይ፣ በ45 ዲግሪ አቁሚ። ከዚያ እርሳስ ያዢና ጫፉን ሥዕሉ መሐል ላይ ቀጥ አድርገሽ አስጠጊ። በግራና በቀኝ የሚወድቁት ሁለት ጥላዎች በርዝመትም በጥቁረትም እኩል ከሆኑ ብርሃንሽ ተስተካክሏል። አንዱ ከጠቆረ ያንን ጥላ የጣለው ከማዶ ያለው አምፖል በርትቷል ማለት ነውና ትንሽ አርቂው።

2. ስልኩ። ሌንሱን ጥረጊ፣ ፍላሹን አጥፊ፣ ማስዋቢያ የሚባለውንም ሁሉ አጥፊ። 0.5 የሚለውን ሰፊ ሌንስ አትንኪ፣ የሸራውን ጠርዝ ያጎብጠዋል። በ1 አንሺ፤ ቀርበሽ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብለሽ፣ ከሥዕሉ ዙሪያ ባዶ ቦታ አስቀርተሽ። ስልኩ ከሥዕሉ እምብርት ጋር ትክክል ከፍታ ላይ ይሁን። ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፎ ወደ ኋላ ካዘነበለ ስልኩንም እኩል አዘንብዪው፤ አለዚያ አራት ማዕዘኑ ከላይ ይጠባል። የካሜራውን የመስመር ፍርግርግ (ግሪድ) ክፈቺና ጠርዞቹን በእሱ አመሳክሪ። ስልኩን አስደግፈሽ በ2 ሴኮንድ ቆጣሪ አንሺ። በመጀመሪያው ፎቶ ከሥዕሉ ጎን ነጭ ወረቀት አኑሪ፤ በኋላ ቀለሙን ስታስተካክዪ ዳኛሽ ወረቀቱ ነው። ፍሬሙ መስታወት ካለው ያንጸባርቃልና ሥዕሉን ከፍሬሙ አውጪው። የከሰል ሥራ ከሆነ ስታወጪው ገጹን እንዳትነኪ።

3. ከሙሉው ሥዕል ሌላ ሁለት የቅርብ ፎቶ ጨምሪ፣ እነዚህን ብርሃኑን ከአንድ ጎን ብቻ አስገብተሽ። ምክንያቱን ከትልልቆቹ ሥራ ታገኚዋለሽ። የሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን «የጁጁ ሠርግ» (እ.ኤ.አ. 1964፣ ኒውዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም) የተሠራው በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ ነው። ከፊት ለፊት ብቻ በበራ ፎቶ ላይ የቅዳዱ ጠርዝ ይጠፋና ዝርግ ወረቀት ይመስላል። የኤልያስ ስሜንም ሥራ አስቢው፤ ከሩቅ የቀለም ሜዳ፣ ከቅርብ የተሸረበ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። የቅርቡ ፎቶ ከሌለ ተመልካቹ ግማሹን ሥራ አላየም። አዲስ አበባ የሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ገብተሽ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ለማንሳት ከታደልሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ብርሃኑ የሚመጣው ከጀርባ ነውና። ስልኩ ጨለማውን አዳራሽ አይቶ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል። በስልክሽ ስክሪን ላይ መስታወቱ የሚታይበትን ቦታ በጣትሽ ንኪና ብርሃኑን ቀለሙ እስኪመለስ ድረስ ዝቅ አድርጊው።

አሁን ብዙ ልጆች ገንዘባቸውን የሚያጡበት ነገር፣ የፋይሉ መጠን። ቴሌግራም ላይ «ፎቶ» ብለሽ ስትልኪ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያንሳል። ያ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዋናው የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ግን 4032 በ3024 ነው፣ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር በጥራት ይታተማል። ማተሚያ ቤት ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ «ይሆናል» ይልሻል፤ የተሰባበረው ፖስተር ከወጣ በኋላ ግን ሂሳቡን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። ማመልከቻ የሚቀበሉትም «ፎቶው አይሆንም» ብለው ይመልሱሻል እንጂ ምኑ እንደማይሆን አያስረዱሽም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ምን ነበረበት? ስለዚህ ዋናውን ሁልጊዜ «ፋይል» ብለሽ ላኪ፤ ለቻናሉ ደግሞ ለብቻ 1080 በ1350 ፒክስል አድርገሽ ቅጂ አውጪ። ፋይሉን ስምሽን፣ ርእሱን፣ ዓመቱን፣ የቀለሙን ዓይነትና መጠኑን በሴንቲ ሜትር ጽፈሽ ሰይሚው። ዋናውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከስልክሽ ውጭ ይሁን።

የሌላ ሠዓሊ ሥራ ስታካፍዪም ያንኑ ሁሉ ጻፊ፤ ሥራው አሁን የሚገኝበትንም ጨምሪ። ስም የሌለው ሥዕል መለጠፍ በባለሙያው ላይ ግፍ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊው መብት በሕይወት እያለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ገብረክርስቶስ ደስታ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981 ስለሆነ ሥራዎቹ ገና ጥበቃ ላይ ናቸው። እሱን እያየሽ ለልምምድ የሠራሽው ካለ «ከገብረክርስቶስ ደስታ ሥራ የተጠና» ብለሽ ፊት ለፊት ጻፊ፣ ፊርማውን አትገልብጪ፣ ለሽያጭም አታቅርቢው። የእሱን ሥራዎች ደግሞ በፎቶ ብቻ አትወቂያቸው። ስድስት ኪሎ አካባቢ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም አለልሽ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ።

ከሙዚቃው ወገን ያረጁ ሸክላዎችን ሽፋን ፈልጊ። አምሃ ሪከርድስ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ከጀመረ በኋላ የወጡትን ካገኘሽ የፊደሉን አጣጣልና የቀለሞቹን ብዛት ልብ በዪ። የሚኒባስ ጥቅስና የቆዩ የሳባና የሰሎሞን ሥዕሎችም እንዲሁ ናቸው። የንግሥቲቱ ታሪክ በተከፋፈሉ ሣጥኖች በተርታ ይሣላል፣ ኮሚክ ለሚወድ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። «ዋው» ብለሽ ብቻ አትለጥፊው። ምን እንዳየሽበት ሁለት መስመር ጻፊ፣ ሥሩ ላይ ከእሱ ተነስተሽ የሠራሽውን ንድፍ ጨምሪ። ሸክላውን ስታነሺ ላስቲኩን አውልቂ፣ ላስቲክ በማንጸባረቅ ከመስታወት ይብሳል።